የእድር ዕቃ ቤት

ስለ አንድ ሰፈር እድር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለው?» የሚል ነው። ለእኔ ግን ከባንክ ደብተሩ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ዕቃ ቤቱ ነው። በሩ ሲከፈት ሻጋታ ሸተተ ወይስ አልሸተተም? የአግዳሚዎቹ እግር ሙሉ ነው? መዝገቡ 150 ሳህን የሚለው መደርደሪያው ላይ ስንት ሆኖ ተገኘ? ብር ቢያንስ በአንድ እሑድ ስብሰባ ተዋጥቶ ይሞላል። ሌሊት 9 ሰዓት ሰው አርፎ፣ ድንኳኑ ሲወጣ ካስማው በግማሽ ጎድሎ ከተገኘ ግን በዚያች ሰዓት የሚያዋጣም የሚሸጥም የለም።

ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ንብረት ክፍሉ፣ ሒሳብ መርማሪዎቹ፣ የሴቶቹ እድር አስተባባሪዎች። ጡሩምባ ነፊው በብዙ ቦታ ትንሽ ይከፈለዋል፣ አንዳንዱ እድር ደግሞ ለሥራ አመራሩ ወርሃዊ መዋጮ ይተውለታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ከሁሉም ምስጋና የሚያንሰው ንብረት ክፍሉ ነው። ሥራው ሲሳካ ማንም አያየውም፣ አንድ ብርጭቆ ሲጠፋ ግን ስሙ በየቤቱ ይነሳል። እዚህ የምጽፈው በተለይ ለእሱና ነገ ለሚተካው ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልበል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ስለዚህ አባላትን በየዕለቱ የሚያስተዳድራቸው የራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ ላይ ያልተጻፈ ነገር ለቅሶ ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚያስነሳው «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ነው። የእንጀራ እናት ትቆጠራለች? ያሳደገ አጎትስ? የተፋታ አባል የቀድሞ አማቱ ቢያርፉ ድንኳን ይተከላል? ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም፣ ዳኛውም በር ላይ ቆሞ መፍረድ የለበትም። መልሱ ቀድሞ መጻፍ አለበት።

መፍትሔው የቤተሰብ ቅጽ ነው። እያንዳንዱ አባል የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውን፣ የልጆቹን፣ በሕይወት ያሉ የሁለቱን ወገን ወላጆችና ደንቡ የሚሸፍን ከሆነ የወንድምና የእህቶቹን ሙሉ ስም ይሞላል፤ ይፈርማል፤ አንዱ ቅጂ ጸሐፊው ጋር፣ ሌላው አባሉ ጋር ይቀመጣል። ቅጹ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይታደሳል። ልደትና ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ አዲስ አባል ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላው ክፍያ እንዳያገኝ ማድረግ ደኅና ልማድ ነው። ይህ የጥበቃ ጊዜ ጭካኔ የሚመስለው አለ፤ ከሌለ ግን ሰው እድር የሚገባው ዘመዱ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ይሆናል፣ ሸክሙም ለሃያ ዓመት ሲያዋጡ በኖሩት ላይ ይወድቃል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የወገኖቻችን እድሮች ቅጹ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልጋቸዋል፤ «የት ልቀበር?» የሚል። እዚያ ከባዱ ወጪ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ነው፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ፣ የአስከሬን ዝግጅቱ፣ የቆንስላው ፈቃድና የአውሮፕላን ጭነቱ ቀን ስለሚወስድ ቤተሰብ ገና «ምን ይሻላል?» እያለ ሲመክር ጊዜው ያልፋል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ብዙ እድር የሚሳሳተው በጣም ቀላል በሆነ ስሌት ነው። ለምሳሌ 120 አባል ያለው፣ በወር 100 ብር የሚያዋጣ እድር በዓመት 144,000 ብር ይሰበስባል። ሥራ አመራሩ ክፍያ ሲወስን የሚያስበው ስለ አባላቱ ሞት ነው፤ ካዝናውን የሚያራቁተው ግን የወላጅ ሞት ነው። 120 ቤት ከባልና ከሚስት ወገን ቢበዛ 480 ወላጅ ይኖረዋል። ግማሾቹ በሕይወት ካሉና ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆነ፣ በዓመት ከመካከላቸው 9 ሰው ቢያርፍ የሚገርም አይደለም። ለወላጅ 8,000 ብር የሚከፈል ከሆነ 72,000 ብር ሄደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት አባል፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ 4 ሰው ቢያርፍና ለእያንዳንዱ 20,000 ቢከፈል 80,000 ይሆናል። ድምሩ 152,000። የድንኳን ጥገና፣ የዕቃ ቤት ጥበቃ፣ የወረቀት ሳይቆጠር 8,000 ብር ጎደለ።

ሌላም ነገር አለ። አንድ እድር ሲመሠረት ጎረቤቶቹ ብዙ ጊዜ እኩያ ናቸው። አብረው ቤት ሠርተው፣ አብረው ልጅ አሳድገው፣ አብረው ያረጃሉ። የመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ካዝናው ሲሞላ «ክፍያ እንጨምር» ይባላል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሞቱ ተከታትሎ ሲመጣ የተጨመረውን መቀነስ የሚደፍር አይገኝም። ስለዚህ ጥሩ ዓመት ላይ ክፍያ ከመጨመር መጠባበቂያ መያዝ፣ ወጣት ተከራዮችንና አዲስ ገቢዎችን በተመጣጣኝ መግቢያ መቀበል ይሻላል። መግቢያውን ሰማይ እየሰቀሉ «ወጣት ጠፋ» ብሎ ማማረር አይገጥምም።

ገንዘብ ያዡ ቤት መቀመጥ ያለበት የአንድ ክፍያ ያህል ብቻ ነው። ሞት ቅዳሜና እሑድ አይልም፣ ሳጥንና መቃብር ቆፋሪ ደግሞ ባንክ እስኪከፈት አይጠብቁም። ቀሪው በባንክ፣ ከሦስት ፈራሚ በሁለቱ ፊርማ የሚወጣ ይሁን። ካርኒው ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ የተበላሸ ካርኒ አይቀደድም፣ ተሰርዞ እዚያው ይቀራል። በስልክ የተላከ መዋጮም ካርኒ ይቆረጥለት፤ አለበለዚያ ዓመቱ ሲያልቅ «ልኬያለሁ» እና «አልደረሰኝም» የሚል ክርክር ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ሞቱ ሌሊት። ድሮ ጡሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ ይነቃል፣ ለፋፊው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየጠራ ያልፋል። ዛሬ ብዙ ቦታ በስልክ መልእክት ተተክቷል፤ ሆኖም ስልክ የሌላቸውና የማያነቡ አረጋውያን ስላሉ ሁለቱንም መያዝ የተሻለ ነው። መልእክቱ አምስት ነገር ካልያዘ ጸሐፊው እስኪነጋ ስልክ ሲመልስ ያድራል፤ ያረፈው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው አባል ምኑ እንደሆነ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የድንኳን ተረኛው የትኛው ምድብ እንደሆነ። ሙስሊም አባል ሲያርፍ ቀብሩ ስለሚፈጥን መልእክቱ ቀደም ብሎ መድረስ አለበት፤ ድንኳኑ ከቀብር በኋላ ሊደርስ ይችላል፣ ሰው ግን ለስግደቱና ለቀብሩ መድረስ አለበት።

ድንኳን። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ የሸራ ድንኳን 18 አግዳሚ ይይዛል፤ ባለ 2 ሜትር ተኩሉ አግዳሚ 5 ሰው ስለሚያስቀምጥ 90 ሰው ይሆናል። 6 ተረኛ በቂ ነው፤ ከ6 በታች ከሆነ ምሰሶ ሲነሳ አደጋ አለው፣ ከ10 በላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም አዛዥ ይሆናል። መጀመሪያ ሸራው መሬት ላይ ይዘረጋል፣ በአራቱ ማዕዘን ካስማ ይመታል፣ ገመዶቹ ላላ ብለው ይታሰራሉ፤ ከዚያ ነው ከሥር ተገብቶ የመሀል ምሰሶዎቹ የሚቆሙት። ምሰሶ አስቀድሞ አቁሞ ሸራ ለመወርወር የሚሞክር ቡድን ሸራውን በጫፉ ይቀደዋል። ምሰሶው አናት ላይ ያለው ብረት ሸራውን እንዳይበሳ በጨርቅ ወይም በአሮጌ ካልሲ ይጠቅለል።

ጥሩ ካስማ ከ16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይሠራል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ አንዱ ጫፍ ይሾላል፣ ሌላው ይታጠፋል። ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይግባ። ከድንኳኑ ግድግዳ ያለው ርቀት የግድግዳውን ቁመት ያህል ይሁን። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ነፋስ ሲመጣ እንደ ጥርስ ይነቀላል። የቃጫ ገመድ ከሆነ ዝናብ ሲነካው ይኮማተራል፤ ማታ ደመና ከታየ ተረኛው እየዞረ ትንሽ ያላላው፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ካስማውን ይነቅላል ወይም ሸራውን ይሰነጥቃል። የናይለን ገመድ በተቃራኒው ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ስለዚህ መጥበቅ ይፈልጋል። ሁለቱን ዓይነት አንድ ድንኳን ላይ መቀላቀል ጣጣ ነው፤ አንዱ ወገን ሲጠብቅ ሌላው ይላላል።

ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሰፈር ካስማ አይመታም። ድንጋዩን መንቀል የሚቀናቸው አሉ፤ አንድ ድንጋይ ከተነሳ ግን የክረምት ውኃ ከሥሩ ገብቶ ዙሪያውን ያፈርሰዋል። ይልቅ ባዶ ማዳበሪያ በአሸዋ ሞልቶ በየገመዱ ሁለት ሁለት ማሰር ይሻላል፤ ከረጢቶቹ ዕቃ ቤት ባዶአቸውን ታጥፈው ስለሚቀመጡ ቦታ አይፈጁም። የቱቦላሬ ድንኳን ላላቸው ደግሞ ዋናው ችግር ቡሎንና ዳዶ ነው። በየጊዜው ሁለት ሦስት ይጠፋል፣ ከዓመት በኋላ ግማሹ መገጣጠሚያ በሽቦ የታሰረ ይሆናል። በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጡ፣ ቁጥራቸው ክዳኑ ላይ ይጻፍ፣ 10 ትርፍ ይኑር። ቱቦዎቹ ጫፋቸው ላይ ቀለም ይቀቡ፤ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር። በጨለማ የሚተክሉ ሰዎች ሲደክሙ የሚያስቡት ነገር እንዲቀንስላቸው ነው።

በክረምት ከድንኳኑ ላይኛ ወገን 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈር። ሸራው ላይ ውኃ ከተጠራቀመ ከውስጥ በመጥረጊያ ለስላሳ ጫፍ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቢላዋ የሚያነሳ ሰው ካለ ይከልከል። የመብራት ገመድ በብረቱ ምሰሶ ላይ አይጠመጠም፣ መቀጠያው በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከገመድ ላይ ይንጠልጠል። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ከሰል ልናገር። ሌሊት ብርዱ ሲጠና ድንኳኑ ተዘግቶ ከሰል ይገባል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ያስተኛል፣ ይገድላል። ለቅሶ ለማጽናናት የመጣ ሰው እዚያው እንዳይቀር ከሰሉ ውጭ ይሁን፣ ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነ በሁለት ወገን ሸራው ይከፈት፣ አንድ ተረኛም ነቅቶ ይደር።

ምግቡን የያዙት ሴቶቹ ናቸው፣ እነሱን የሚያስተምር አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ እንጀራና ወጥ በምድብ ካልተከፈለ ሁሉም የቀብር ዕለት ያመጣል፣ በሰልስቱ መሶቡ ባዶ ይሆናል። ክርስቲያንና ሙስሊም ያለበት እድር የጾም ምግብ ላይ ቢስማማ ማንም ገበታ ላይ አይለይም፤ ሥጋ የሚሠራ ከሆነ ግን ድስቱና ጭልፋው ለየብቻ፣ በቀለም ተለይቶ ይሁን። ንፍሮ ለ200 ሰው 10 ኪሎ ደረቅ እህል ይበቃዋል፤ ለምሳሌ 6 ኪሎ ስንዴ፣ 2 ሽምብራ፣ 2 ባቄላ። ለመዘፍዘፍ ሌሊት ከሌለ ሽምብራውና ባቄላው ላይ የፈላ ውኃ አፍስሶ ለአንድ ሰዓት ከድኖ ማቆየት ይረዳል። ስንዴው ለብቻው ይቀቀል፣ ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ።

ስም ጥሪው ላይ ብዙ ቦታ ቅሬታ አለ። 120 ስም ቀብር መልስ ላይ ሲጠራ ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ሐዘንተኛው ፊት «አለሁ» እና «ቀርቷል» መባሉም ይከብዳል። ባለ ቁጥር ካርድ ይሻላል፤ አባሉ ከመቃብሩ ሲወጣ ለጸሐፊው ይሰጣል፣ በቀጣዩ ወር ስብሰባ ይመለስለታል። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ ግን አንድ ሰው የአምስት ጎረቤት ካርድ ይዞ ይመጣል። የታመመና ሥራ ላይ ያለ ሰው ቤተሰቡ ሲወክለው መቀበል፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረውን ደግሞ ከመቅጣት በፊት ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንዱ የቀረው ቸልተኛ ሆኖ ሳይሆን መዋጮው አቅቶት አፍሮ ነው።

በገጠር፣ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ፣ ከድንኳኑ ጎን የሚቀመጥ ሌላ ዕቃ አለ፤ ቃሬዛ። ሦስት ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ በመካከላቸው በጠፍር ወይም በገመድ የተጠለፈ መኝታ። በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሱበት ነው። 4 ሰው ይሸከማል፣ ሌላ 4 እየተከተለ ይቀይራል። ዳገት ላይ ጭንቅላት ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት፣ ምንጊዜም ጭንቅላቱ ከፍ እንዲል። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛ። ጠፍሩ በአይጥ ይበላልና ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ይሰቀላል፤ በየሦስት ወሩም ሁለት ጎልማሳ ተኝተውበት ይፈተን።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ያለው ሥራ ነው ዕቃ ቤቱን የሚያድነው ወይም የሚገድለው። ሁሉም ደክሟል፣ ሸራው ረጥቧል፣ ቶሎ ጠቅልሎ መሄድ ያምራል። እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ካደረ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ነጠብጣቡም በሳሙና አይለቅም፤ ክሩ ይበሰብስና በሚቀጥለው ነፋስ ይተረተራል። ዝናቡ ካላቆመ በአንድ በረንዳ ላይ ወይም በአዳራሽ ተሰቅሎ ይደር። ጭቃው ከደረቀ በኋላ በመጥረጊያ ይራገፍ፣ ስፌቱ ይታይ፣ የተቀደደው ያኔውኑ ይሰፋ። ሸራው የሚቀመጠው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ነው። የላስቲክ ወንበር ከ15 በላይ አይደራረብ፤ ከሥር ያለው እግሩ ይከፈታል፣ ሰው ሲቀመጥበት ይሰበራል።

ቆጠራው ከሐዘንተኛው ቤት ሳይወጣ ይደረግ። ዕቃው ሲወጣ የተፈረመበት ወረቀት ላይ የገባው ቁጥር ከጎኑ ይጻፋል፣ የተረኛው ምድብ ተጠሪና ንብረት ክፍሉ ይፈርማሉ። ሐዘንተኛው አይፈርምም፣ የተሰበረ ብርጭቆም አይጠየቅም። ለዚህ ደንቡ የስብራት መጠን ይፍቀድ፤ ከ100 ብርጭቆ 5 ቢጎድል ከእድሩ ይተካ፣ ከዚያ ያለፈውን ተረኛው ምድብ ይፈልግ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ሳህን እንጀራ ተሸፍኖበት ጎረቤት ቤት ገብቶ ነው፤ ከሥሩ የእድሩ ምልክት በማይለቅ ቀለም ከተጻፈ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ለሠርግ የሚከራይ ዕቃ በሌላ ደብተር ይያዝ፣ ማስያዣ ይከፈልበት፣ ውሉ ላይም ለቅሶ ከመጣ ቅድሚያው የለቅሶ እንደሆነ ይጻፍ። ሁለት ድንኳን ያለው እድር አንዱን ፈጽሞ አያከራይ።

ንብረት ክፍሉ ሲቀየር ርክክቡ በወሬ አይሆንም። ሃያ ዓመት ያገለገሉ አባት አንድ ቀን ታመው ሲተኙ የትኛው ምሰሶ ከየትኛው ድንኳን እንደሚሄድ የሚያውቅ ይጠፋል፤ ስለዚህ ተተኪው ገና ሳይመረጥ ምክትል ሆኖ ቢያንስ ሦስት ለቅሶ አብሮ ይትከል። በርክክቡ ቀን አስረካቢው፣ ተረካቢውና አንድ ሒሳብ መርማሪ ዕቃውን ከበሩ ጀምረው እየቆጠሩ ይገባሉ። የጎደለው «የለም» ተብሎ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ንብረት ክፍሉ ጋር፣ ሌላው ለዕቃ ቤቱ ቅርብ በሆነ፣ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ በሚነሳ አባል ቤት።